ደርቤ ያቆማቸው ሁለት ድንጋዮች

ከደባርቅ ወደ አምባራስ የሚወጣውን የእግር መንገድ ሃያ ሁለት ዓመት የጠገነው ደርቤ ነው። በዚያ መንገድ ገብስ የጫነ በቅሎ ይወርዳል፣ ቱሪስት ይወጣል፣ ሙሽራ ይሄዳል፣ ሬሳም በቃሬዛ ያልፋል። አምና ደግሞ አንድ ፈረንጅ ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ሲወጣበት ታይቷል፤ ገበሬው ሁሉ ማሳውን ትቶ ወጥቶ፣ ማን ማንን መሸከም እንደነበረበት ለብዙ ጊዜ ተከራክሯል።

መንገድን የሚበላው እግር አይደለም፣ ውሃ ነው ይላል ደርቤ። እኔ አርባ ዓመት መጽሐፍ አገላብጬ ስለ ጥፋት ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም።

ነገሩ የተጀመረው አንድ ቁልቁለት ላይ ነው። የላይኛው ጎርፍ እዚያ ቦታ መንገዱን አቋርጦ ወደ ገደል ይወርዳል። ደርቤ ውሃው ከሥር እንዲያልፍ ቦይ ቆፈረና በሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነው። ቁልቁል የሚንደረደሩ በቅሎዎች ቀስ እንዲሉ ደግሞ ግራና ቀኝ ሁለት ረጃጅም ድንጋዮች አቆመ። ከላይ በኩል የጎርፍ መቀልበሻ እንዲቆፈርለት ለቀበሌው ማመልከት ከጀመረ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በየዓመቱ ማኅተም ያረፈበት የምስጋና ደብዳቤ ሰጥተውታል።

ድንጋዮቹ በቆሙ በሦስተኛው ቀን ጉም ወረደ። የአምባራሷ ወይዘሮ ጤናዬ በበቅሎ ወደ ገበያ ሲወርዱ በጉሙ ውስጥ ሁለት ዓምድና አንድ መድረክ ታዩዋቸው። ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ በበቅሎ ተቀምጦ ማለፍ ነውር ነው። ወረዱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ተሳለሙ። ከኋላቸው አሥራ አራት ገበያተኛ ነበር። ሰው ሲሳለም ያየ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ጫማውን ያወልቃል።

ጉሙ ተገለጠ፤ ቤተ ክርስቲያንም አልነበረም። ግን አንዴ የሳሙትን ድንጋይ ማን መልሶ ይረግጣል? በሁለት ሳምንት ውስጥ ጧፍ በራለት፣ ጃንጥላ ተሰጠው። አንድ አስጎብኚም ስድስት መቶ ዓመቱ ነው ብሎ ቱሪስቶቹን አስደነቀ። በቅሎዎቹ የተሳሙትን ድንጋይ እንዳይረግጡ በዳር በኩል ይነዱ ጀመር፤ የመንገዱ ጠርዝ መሰበር የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ግንቦት ሲያልቅ ቦዩ በደለል ተደፈነ። ክዳኑ ተነስቶ ካልተጠረገ የመጀመሪያው የክረምት ጎርፍ ቁልቁለቱን ጠራርጎት እንደሚሄድ ደርቤ ያውቃል፤ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቱም አብሮ መሄዱ ነው። ድጅኖውን ይዞ ሲደርስ ወይዘሮ ጤናዬ ከፊቱ ቆሙ።

“በየትኛው እጅህ ልታነሳው ነው?”

“ባስቀመጥኩበት እጄ ነዋ፣ እትዬ። እኔው አይደለሁም እንዴ ያመጣሁት?”

“ለማስቀመጡማ መርጦሃል። ለማንሳት ማን ጠራህ?”

ደርቤ ድጅኖውን ተሸክሞ ተመለሰ። ወደ መምሬ ተክለ ማርያም ሄደና ታቦት የለበትም ብለው ለሕዝቡ እንዲናገሩለት ለመናቸው። መምሬ እስኪጨርስ ሰሙት።

“እንደሌለበት አውቃለሁ” አሉ። “ግን ልጄ፣ ትናንት እኔም ወርጄ ተሳልሜያለሁ። ሰው እያየኝ ምን ላድርግ?”

ከዚያ በኋላ ደርቤ በየቀኑ እየሄደ ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ ደመናውን ያይ ነበር። የሰኔ ሚካኤል ዕለት እኔም ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሰባ የሚያህል ሰው ተሰብስቧል። ወይዘሮ ጤናዬ ድንገት ዞር ብለው፣ ለመሆኑ ከሥሩ ምን አለ ብለው ጠየቁት። ደርቤ ውሸት አይችልበትም።

“ውሃ” አላቸው።

“ጠበል ነው!” አለ ሰው ሁሉ። ቀጥሎ ነጠላው ከየወገቡ ታሠረ። ስምንት ጎልማሶች በጸሎት ድንጋዩን አነሱት። ደለሉ በእጅ ተዛቀ፤ እምነት ነው ተብሎም በየመሐረቡ ተቋጥሮ ሄደ። ከሥር የቀረውን ድፍርስ ውሃ በጄሪካን ቀዱት። የቦይ ውሃ ነው እያለ ደርቤ ከአንዱ ወደ አንዱ ሮጠ፤ ትሕትናው ደስ አላቸው። በማግስቱ ጎርፍ ጠበሉን እንዳያረክሰው ተብሎ ከላይ በኩል ሰማንያ እርምጃ የሚሆን መቀልበሻ ተቆፈረ። የቆፈሩት ደርቤ እዚህ ይቆፈርልኝ እያለ አሥራ ሁለት ዓመት ችካል ሲተክልበት በኖረው ቦታ ላይ ነው፤ ችካሎቹን ነቅለው ጣሏቸው።

ክረምቱ መጣ፤ መንገዱ አልተነካም። ጎርፉ በመቀልበሻው ስለሄደ ግን ከድንጋዩ ሥር አንድ ጠብታ እንኳ ጠፋ። ጠበሉ ተሰወረ ተባለ። ምክንያቱም ወዲያው ተገኘ፤ ደርቤ ድጅኖ ይዞ መጥቶ አልነበረም?

መምሬ ሕዝቡ እንዲበርድለት ንስሐ ሰጡት። መስከረም ላይ ሳገኘው በዚያው ቁልቁለት ላይ በዚያው ድጅኖ ድንጋይ ያስተካክል ነበር። ንስሐው ምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

“ይህን መንገድ አርባ ቀን መጠገን” አለኝ። ድጅኖውን ተደግፎ ወደ ላይ ወደ ታች አየ። “ሃያ ሁለት ዓመት የጠገንኩትስ፣ ጋሼ፣ ምን አጥፍቼ ኖሯል?”