አድራ የምትታይ መኪና

መኪና የገዛሁት እንደ በሬ፣ አሳድሬ አይቼ ነው። ሌላ መንገድ አላውቅም። ቡና እርሻ ውስጥ ትራክተር ስነዳ ነው ያረጀሁት፤ መንዳቱ አይቸግረኝም። ትራክተሩን ግን እኔ አልነበርኩም የመረጥኩት።

ነገሩ የተነሳው በባለቤቴ ጉልበት ነው። እህቷ ቴፒ ከተማ ነው የምትኖረው። ባለቤቴ ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ሚኒባስ ውስጥ እንደ ጆንያ ተጠቅጥቃ መሄድ አልቻለችም። እህቷም ዕድሜዋ ገፍቶ ከቤት አትወጣም። በስልክ ይላቀሳሉ። አንድ ቀን ስልኩን ዘጋችና፣ "እንግዲህ የምንገናኘው በቀብር ነው" አለች። በማን ቀብር እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። በማግስቱ ሚዛን ከተማ ሄጄ ደላላ ያዝኩ።

ደላላው ወሬ የማያልቅበት ጎልማሳ ነው። "አባባ፣ በእርስዎ አቅም ሁለት መኪና አለ" አለኝ። አንዷ የአንድ ቡና ነጋዴ ፒክአፕ፣ አንዷ ጡረታ የወጡ መምህር የሚነዷት ዝቅ ያለች የቤት መኪና።

"የቤት መኪናዋን ተዋት" አልኩት። "ከእኛ ሰፈር እስከ አስፋልቱ ያለውን መንገድ አይተኸዋል? ሆዷ መሬት እየፈጨ ነው የምትሄደው። ፒክአፗን አሳየኝ።"

ፒክአፗ ታጥባ፣ ጎማዋ ሳይቀር ጥቁር ተቀብቶ ጠበቀችኝ። ታጥቦ የቀረበ ነገር ደስ አይለኝም። በሬውን አጥቦ ገበያ የሚያመጣ ሰው የሚደብቀው ቁስል አለው። ነጋዴውን፣ "እኔ ግቢ ትደር" አልኩት።

"ምን ትሁን?"

"ትደር። ጠዋት ቀዝቅዛ ስትነሳ ላያት። ከሥሯ ምን እንደምታንጠባጥብም ልየው። ቁልፉን አንተው ያዘው።"

ነጋዴው ደላላውን አየው። ደላላው ሰማዩን አየ። በመጨረሻ መኪናዋን ግቢዬ አቁሞ፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄደ።

እኔ ከሥሯ የሙዝ ቅጠል አነጠፍኩ። ዘይት አፈር ላይ ከወደቀ አፈሩ ይጠጣዋል፤ ቅጠል ላይ ግን ቁጭ ብሎ ይታያል። ባለቤቴ በረንዳ ላይ ሆና ታየኛለች።

"አንተ ሰውዬ፣ እኔን ስታገባኝ አሳድረህ አይተኸኛል?"

"አባትሽ መቼ ፈቀዱ።"

ጠዋት ቅጠሉ ንጹሕ ነበር። ነጋዴው መጥቶ ቁልፉን ሲያዞረው ሞተሩ ምንም አላንገራገረም። አስፋልቱ ድረስ ነድቻት ተመለስኩ፤ ጭቃውን ከቁም ነገር አልቆጠረችውም። መሪው ላይ ቁጭ ብዬ የጎረቤቶቼን አጥር ቁልቁል ሳይ ትራክተሬ ትዝ አለኝ። በልቤ ገዝቻታለሁ።

"ነይ ውጪ፣ ዞር ዞር እንበል" አልኳት ባለቤቴን።

በሩን ይዛ እግሯን አነሳች። ግማሽ ላይ ቀረ። በሌላው ሞከረች፤ እሱም ያው። በርጩማ አመጣሁላትና እንደምንም ወጣች። ስትወርድ ግን ነጋዴው በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላ ወገን ደግፈናትም ፊቷ ጠቆረ። መሬት ከረገጠች በኋላ ነጠላዋን አስተካክላ በሩን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

"ቆንጆ ናት" አለች። "ቴፒ ስትደርስ እህቴን ሰላም በልልኝ።"

ቤት ገባች። ሞተሩን አይቻለሁ፣ ጎማውን አይቻለሁ፣ ከሥር ተጋድሜም አይቻለሁ። የምትሳፈረዋን ግን አላየሁም።

ነጋዴውን አመስግኜ ሸኘሁትና ለደላላው ደወልኩ። "ያቺን የቤት መኪና አምጣት።"

"አባባ፣ ሆዷ መሬት ይፈጫል አላሉም?"

"ይፍጭ። አምጣት።"

መምህሩ ራሳቸው ነድተዋት ከደላላው ጋር መጡ፤ መኪናዋ ጭቃዋን እንደለበሰች ናት። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ፣ "ከፊት በግራ በኩል ዘይት ታንጠባጥባለች። ብዙ አይደለም፤ እያዩ መጨመር ነው" አሉኝ። ደላላው ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ምነው፣ ጉንፋን ያዘህ እንዴ?" አሉት መምህሩ።

"ትደር" አልኳቸው።

"ትደር" አሉና ቁልፉንም ትተውልኝ ሄዱ።

ጠዋት ተንበርክኬ ከሥሯ አየሁ። ከፊት በግራ በኩል፣ ቅጠሉ ላይ የሳንቲም ያህል ጥቁር ዘይት አለ። ሌላ ቦታ ምንም የለም። ሰውየው ያሉትና ቅጠሉ ያለው አንድ ሆነ። ይህ ደግሞ ከንጹሕ ቅጠል ይልቅ ደስ አለኝ። ቀና ስል ባለቤቴ መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣለች፤ በሩንም ዘግታዋለች።

"ማን አስገባሽ?"

"እግሬ።"

ሞተሯን አስነሳሁ፤ ትንሽ አጉረመረመችና ተነሳች። ገዛናት።

ቴፒ የሄድን ዕለት ገና ከሰፈራችን ሳንወጣ ሆዷ ድንጋይ ላይ ተፋቀ። ባለቤቴ እጇን ሰዳ ሬዲዮኑን ከፍ አደረገችው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ እንቁላል ተሸካሚ እየዞርኩ ነዳሁ። ባጃጆች ሳይቀሩ ቀድመውኝ አለፉ። ይለፉ።

እህቷ ግቢ ስንደርስ በሩን ልከፍትላት ዞሬ ሳልደርስ በራሷ ወርዳለች። ሁለቱ መሃል ግቢ ላይ ተቃቅፈው ሲላቀሱ፣ እኔ ከጓሮ አንድ የሙዝ ቅጠል ቆርጬ ከመኪናዋ ሥር፣ ከፊት በግራ በኩል አነጠፍኩ።

"ሰውዬሽ ምን እያደረገ ነው?" አለች እህቷ እንባዋን እየጠረገች።

"ተዪው" አለች ባለቤቴ። "አልጋ እያነጠፈላት ነው። እናድራለን ማለት ነው።"