በጎማ ላይ እጅ የነሳሁ ዕለት

ያ የስኬቲንግ ሜዳ ሁለት የፊት ጥርስ፣ አንድ የግራ እጅ አንጓና ሦስት ሽማግሌ አስከፍሎኛል። ጥርሱን አስተክያለሁ። እጄም ዝናብ ሊመጣ ሲል ከመጠዝጠዝ ሌላ ያስቀረብኝ ሥራ የለም። ሽማግሌዎቹ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ ይሻገራሉ። ነገሩ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ይሁንና በሐዋሳ አዲስ ከተማ በኩል ባለፍኩ ቁጥር «ያኔ እሺ ብለህ ብትዘጋው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይደርስብህም ነበር» የሚለኝ አላጣም። በዚህ ጋዜጣ ላይ የምጽፈው እንዲህ ለሚሉኝ ነው።

ነጋዴ ነኝ። ያኔ መናኸሪያ አካባቢ ቦንዳ እያስመጣሁ ልባሽ ጨርቅና ጫማ እሸጥ ነበር። ቦንዳ ዓይንን ጨፍኖ መግዛት ነው፤ ታስሮ ይመጣል፣ ፈተህ የወጣልህን ትቀበላለህ። አንድ ቀን የጫማ ቦንዳ ስፈታ ግማሹ ከሥሩ ጎማ ያለው ጫማ ሆኖ ወጣ። የአካባቢው ነጋዴ ሥራውን ጥሎ መጥቶ ሳቀብኝ። አንዱማ «ይሄስ አደገኛ ነው፤ ገዢው ሳይከፍል ያመልጥሃል» አለኝ።

እውነትም የሚገዛ ጠፋ። የማይሸጥ ዕቃ ይከራያል ብዬ አዲስ ከተማ ውስጥ ወፍጮ ቤት የነበረ ሰፊ መጋዘን ያዝኩ። ወለሉ ሊሾ ነው፤ ዱቄት ለዓመታት ሲወለውለው ኖሮ እንደ መስታወት ሆኗል። ዳንጊሶ የሚባል ብስክሌት ጠጋኝ ጓደኛዬ ኩሽኔታውን በናፍጣ እያጠበ ጎማውን አስተካከለ። ቴፕ ሰቀልን፣ አግዳሚ ወንበር ደረደርን፣ በሩን ከፈትን። ሐዋሳ መጥታ ወደቀች። በማግስቱም ለመውደቅ ተመልሳ መጣች።

ብርቱካንን ያወቅኳት እዚያ ነው። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ለመሳቅ መጣች። ጓደኞቿ ስቀው ሄዱ፤ እሷ በሳምንቱ ብቻዋን ተመለሰች። በሦስት ወር ውስጥ ወደኋላ መንዳት ቻለች። እኔ የሜዳው ባለቤት ገና ግድግዳ እየያዝኩ ነበር የምሄደው። እንዴት እንደተዋደድን አልጽፍም፤ የጋዜጣውን ቦታ ለማዳን ነው።

ችግሩ አባቷ ናቸው። መምህር ተሰማ ከጎጃም መጥተው ሐዋሳ ላይ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ፣ ምሥራቅ በኩል ቤት ሠርተው የተቀመጡ ሰው ናቸው። ከተማው ግማሹ ተማሪያቸው ነው፤ ግማሹ ደግሞ ያመለጣቸው። ልጃቸው ጎማ ላይ እንደምትወጣ አያውቁም ነበር።

ከዐቢይ ጾም በፊት ባለው እሁድ በእድራችን ዳኛ በጋሽ በቀለ መሪነት ሦስት ሽማግሌ ላክሁ። በእኛ አገር ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። የእኔዎቹ ግን ተቀምጠው፣ ዶሮ በልተው፣ አፋቸውን እየጠረጉ መጡ።

«ጨርሰናል!» አሉኝ ጋሽ በቀለ። «ያንን ጎረምሳና ኮረዳ አንዱ ባንዱ ላይ የሚወድቅበትን ቤት ይዝጋ አሉ። ፋሲካ ሳይደርስ ይዘጋል ብለንልሃል።»

«ይዘጋል ያለው ማነው?»

«እኛ ነና!»

«እንግዲያው የእናንተን ሱቅ ዝጉ።»

ጋሽ በቀለ ከዘራቸውን መሬት መቱ። «አንተ ልጅ፣ ከሴት ልጅ ጎማ ትመርጣለህ?»

«ጋሽ በቀለ፣ ዛሬ ጎማውን ካስጣሉኝ ነገ ሱሪዬን የሚመርጡልኝ እሳቸው ናቸው።»

ሦስቱም ተነሥተው ሄዱ። ሄደው ግን እምቢ ማለቴን ለመምህር አልነገሩም። የበሉት ዶሮ አሳፍሯቸው ይሆናል።

ለብርቱካን ስነግራት ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «ብትዘጋው አላገባህም» አለችኝ። «አባዬ ዝጋ ባሉህ ቁጥር ምን ምን ልትዘጋ ነው?»

አባት ካልዘጋህ አልሰጥህም ይላሉ፣ ልጅ ከዘጋህ አላገባህም ትላለች። ስነግድ ስኖር እንዲህ ያለ ገበያ ገጥሞኝ አያውቅም። እኔም በሬን በየቀኑ ከፈትኩ።

ፋሲካ አለፈ። በሳምንቱ እሁድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሙዚቃው ይጮኻል፤ እኔም የጎማ ጫማዬን አድርጌ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። በሩ ላይ አንድ ከዘራ የያዙ፣ ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ ቆሙ። መምህር ተሰማ ናቸው።

ዳንጊሶ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ብድግ አለና በሙሉ ድምፁ «ኖር!» አለ።

እንግዲህ እኛ የሰው ልጅ ነን፤ አሳድገውናል። ትልቅ ሰው ሲገባ ጭንቅላታችን ሳያስብ ገላችን ይነሣል። ወንበር ላይ ተቀምጦ ጫማ ሲያስር የነበረው ሁሉ ብድግ ሲል እግሩ አምልጦት በቂጡ ወረደ። ቆሞ የነበረው እጅ ሊነሳ ጎንበስ ሲል ጎማው ወደኋላ ሄደ፣ ራሱ ወደፊት። አንዱ ሌላውን ለመያዝ ሲሞክር ይዞት ወደቀ። ከሁሉም በታች ዝቅ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጃቸውን የምፈልግ ሰው አይደለሁ? ሁለት እጄን ዘርግቼ ወገቤን ሰበር ሳደርግ ሊሾው መጥቶ አፌን መታኝ።

«በእግዚአብሔር! ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አሉ መምህር፣ እንደ ልማዳቸው።

ሁላችንም ተቀምጠን ነበር። አንድ ሰው ብቻ አልወደቀም። ብርቱካን ሱሪዋን እንደለበሰች ከወዲያ ጥግ በወደቀው ሰው መሀል እየተጠማዘዘች መጥታ አባቷ ፊት ቀጥ አለች።

«አንቺ?»

«እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመት ሊሞላኝ ነው።»

ዳንጊሶ ቴፑን አጠፋው። መምህር ልጃቸውን ከጎማዋ እስከ ፀጉሯ አዩ፤ ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ለመነሣት እየሞከርኩ ነበር፤ የግራ እጄ እምቢ አለኝ። ከአፌ የሚወርደው ደም ሸሚዜን አበላሽቶታል።

«የላክህብኝ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ፋሲካ ሳይደርስ እዘጋለሁ አላልክም?»

«አላልኩም። ያሉት እነሱ ናቸው። እኔ አልዘጋም ነው ያልኳቸው።»

«ጥርስህ እንደወለቀ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። አልዘጋም።»

ያኔ ምን እየጣልኩ እንደሆነ ገብቶኛል። አንዲት ቃል፣ «እሺ»፣ ብል ብርቱካን የእኔ ናት፤ ቢያንስ እስክትሰማኝ። እሷ ግን አንገቷ ላይ የነበረውን ሻርፕ ፈታ፣ አባቷን ሳታስፈቅድ አጠገቤ ተንበርክካ እጄን ማሰር ጀመረች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት።

«ከዘጋው አላገባውም፣ አባዬ።»

የወደቀው ሰው ሁሉ ተነሥ ሳይባል መነሣት ፈርቶ መሬት ላይ ነው።

«ሦስት ጨዋ ሰዎች ቤቴ ገብተው፣ ማዕዴን በልተው ዋሹኝ» አሉ መምህር። «ይሄ ጥርሱን ጥሎ እውነቱን ይነግረኛል።» ወደኔ ጎንበስ አሉ። «ሌላ ሽማግሌ ላክ። እነዚያን ደጄ ላይ እንዳላያቸው። ይሄንን ሜዳህን ግን አልወደውም፤ እንድታውቀው።»

«እንዲወዱት አልጠየቅኩዎትም።»

«አፍህን ታጠብ» አሉኝና ወጡ።

በሁለተኛው ዙር የሄዱት የዳንጊሶ አጎት ናቸው፤ ሲዳማ፣ ጴንጤ፣ አማርኛቸው አጭር። መምህር ቅር ብሏቸውም ከሆነ አላወጡትም። አጎትየው ቆመው «ልጁ አይዘጋም። ልጅቷን ይስጡን» አሉ። እሺ ተባሉ፣ ተቀመጡ። እነ ጋሽ በቀለ ይህን ሲሰሙ አዋረደን ብለው ሰላምታቸውን ነሱኝ። አዋራጃቸው ምላሳቸው ነው፤ ይቅርታ አልጠየቅኩም፣ አልጠይቅምም።

ከዓመታት በኋላ የመጋዘኑ ባለቤት ቤቱን ሸጠው። ዛሬ በዚያ ሊሾ ላይ ሶፋ ተደርድሯል። «ያው መዘጋቱ አልቀረም፤ በከንቱ ነው የተጣላኸው» ይሉኛል። የማይገባቸው ይህ ነው፦ አከራይ ቁልፉን ሲወስድብህ ኪራይ አለቀ ማለት ነው፤ በሰው ትእዛዝ ራስህ ስትቆልፍ ግን ያለቅከው አንተ ነህ። ነገ ሌላ የጎማ ጫማ ከቦንዳ ቢወጣልኝ ሌላ ሊሾ እፈልጋለሁ። ብርቱካንም ከእኔ ቀድማ ትገባለች።

ሜዳው ስድስት ዓመት ሠራ። እኔና ብርቱካን አሥራ አምስተኛ ዓመታችንን ይዘናል። ታዝዤ የዘጋሁት በር የለም።