የስሞታ ወንበር

ችግሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል፦ አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር ልጅቷ ከቤት ትሄዳለች። ተጣልታ አይደለም፣ አኩርፋም አይደለም። የዓመቱ የመጀመሪያ ወር ሲጠባ ልብሷን ቦርሳ ውስጥ ትከትና አክስቷ ቤት ትገባለች። ወሩ ሲያልቅ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሳ «ሰላም ናችሁ?» ትላለች። እናቷ «ተዋት፣ ይለፍላት» ብላ ዝም ትላለች። የእንጀራ አባቷ ግን አንድን ነገር መተው ከማይችሉ ሰዎች አንዱ ነው።

ሰውየው ሶፋ አልባሽ ነው። ጨርቁ ያለቀ፣ ሆዱ የተዘረገፈ ሶፋ ተሸክመው ያመጡለታል፤ እሱ አፅሙ እስኪቀር ገፎ እንደገና ያለብሰዋል። ሰፈሩ የሚያውቀው «ስፕሪንግ» በሚል ቅጽል ስም ነው። ስሙ የወጣለት ከሥራው ነው ቢባል ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላው ግማሽ ራሱ ሰውየው ነው። ዕድሜውን በሙሉ ለሌላው መቀመጫ ሲያበጅ ኖሮ እሱ መቀመጥ አይሆንለትም። ምግብ ቀርቦ ሳለ ውሃ ሊያመጣ ይነሳል፤ ውሃውን ሳይጠጣ መስኮት ይዘጋል፤ መስኮቱን በቅጡ ሳይዘጋ የበሩ ማጠፊያ ጮኸ ብሎ ዘይት ፍለጋ ይሄዳል። መድኃኒት ቤት የምትሠራው ባለቤቱ «እባክህ ሰውዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ቂጥህ ወንበር ይንካ!» ትለዋለች። ይስቃል፤ እየሳቀም ይነሳል።

እሷን ሲያገባ የመጀመሪያ ባሏ በሕመም ከሞተ ቆይቶ ነበር፤ ልጅቷም የሟቹ ልጅ ናት። ስፕሪንግን «ጋሼ» ትለዋለች፤ ሻይ ታቀርብለታለች፤ በትምህርቷ ነገር ታማክረዋለች። የሚጎድል ነገር የለም። ያቺ ወር ስትመጣ ብቻ ቦርሳው ይወጣል። ስለዚህ ስፕሪንግ አሰበና አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሰ፦ ይህ ቤት የራሱ ወግ የለውም። ወሩ ሲገባ እንደ ቤተሰብ አብረን የምናደርገው ነገር ስለሌለ ነው የምትሄደው። ወግ ካልነበረ ደግሞ ይጀመራል!

በመጀመሪያው ዓመት የወሩን የመጀመሪያ ማለዳ መርጦ ሁሉንም ይዞ ወደ ኮረብታው ወጣ። በየዓመቱ ከላይ ሆነን ቤታችንን እየፈለግን እናያለን አለ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ነገር ግን ከፊት ከፊት እየሮጠ ሁለቱን ሴቶች ከኋላው እያስለፋ አወጣቸው፤ ጫፍ ላይ ሲደርሱ እነሱ ገና ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ «በሉ እንውረድ» አለ። ልጅቷ በማግስቱ ሄደች። በሁለተኛው ዓመት እያንዳንዱ ሰው በየተራ የሚያበስልበት ሳምንት አወጀ፤ የእሱ ተራ ሲደርስ ድስቱን ጥዶ የምድጃውን እግር ሊያስተካክል ጎንበስ እንዳለ አሳረረው። ልጅቷ ሳቀች፣ ከልቧም ሳቀች፤ ከዚያ ቦርሳዋን አነሳች።

እዚህ ላይ ስለ ሶፋ ትንሽ ማወቅ ይጠቅማል፤ ሰውየው የሚያስበው በሶፋ ነውና። ሶፋ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ እንጨቱ አለ። እንጨቱ ላይ ጠንካራ ቀበቶ ይወጠራል፤ ቀበቶው ላይ ስፕሪንጎቹ ይታሰራሉ፤ ከዚያ ስፖንጁ፣ ከሁሉም በላይ ጨርቁ። ሰው የሚያየው ጨርቁን ነው፤ የሚሸከመው ግን ታች ያለው ነው። ታች ያለው ሳይያዝ ጨርቅ የወጠረ ሰው ለአንድ ሳምንት የሚያምር ነገር ሠራ ማለት ነው። ስፕሪንግ ይህን ለደንበኛ ሁሉ ሲያስረዳ አይሰለቸውም። የራሱን ቤት ወግ ሲሠራ ግን ሁለት ጊዜ ከጨርቁ ጀመረ። በሦስተኛውም እንደዚያው።

ሦስተኛው ሐሳብ ሲመጣለት ግን ከደስታ ብዛት በሱቁ ውስጥ ክብ ሠርቶ ዞረ። በየዓመቱ በአዲሱ ወር ከቤቱ መቀመጫዎች አንዱ ይታደሳል፤ ጨርቁን ሦስቱም ተሰብስበው ይመርጣሉ! የመጀመሪያው የቱ ይሁን? መስኮቱ ሥር ያለው ባለ አንድ ሰው ሶፋ፣ እሱ ወደዚህ ቤት ከገባ ጀምሮ ማንም ሲቀመጥበት ያላየው። ቡናማ የከፋይ ጨርቁ ተልጧል፣ የቀኝ ክንዱ ተቀዷል፣ አንድ ስፕሪንግ ከመሐል ወጥቶ አፍጥጧል። እንዲህ ያለ ወንበር አይቶ የማያዝን ሶፋ አልባሽ የለም። ወሩ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እናትና ልጅ በሌሉበት፣ ከጎረቤቱ ከአናጢው ጋር በጋሪ ጭኖ ሱቁ ወሰደውና በዚያው ከሰዓት ገፈፈው።

ማታ ልጅቷ ገብታ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቆመች።

«እማዬ፣ ወንበሩስ?»

እናቷ ከዕቃ ማጠቢያው ዞር አለች። ከዚያ ሁለቱም እሱን አዩት።

«ወሰድኩት!» አለ ስፕሪንግ፣ እጁን እያፋተገ። «ገና ታያላችሁ። ከእንግዲህ በየዓመቱ በዚህ ወር አንድ መቀመጫ እናድሳለን። ከየቱ ልጀምር ብዬ ሳስብ፣ ማንም የማይቀመጥበት እሱ ነው...»

«ለምን የማንቀመጥበት ይመስልሃል፣ ጋሼ?»

«ስፕሪንጉ ወጥቶ ነዋ! ይወጋል።»

«የአባቴ ወንበር ነው» አለች ልጅቷ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። «ጨርቁን አወለቅከው?»

ስፕሪንግ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ልጅቷ አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻለው ነበር። ያን ዓመት ወሩ እስኪገባ እንኳ አልጠበቀችም፤ አክስቷ ቤት አደረች።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አላት ባለቤቱን፣ ከምድጃው እስከ በሩ እየተመላለሰ።

«ምን ብዬ? ‹እዚህ ቤት የሟቹ ባሌ ወንበር አለ፣ ዙሪያውን እየዞርክ እለፍ› ልበልህ? ደግሞ ቁም እስቲ፣ አዞርከኝ!»

ቆመ። ባለቤቱም ነገረችው። በዚህ ቤት ወግ ነበር። አዲሱ ወር ሲገባ በአንዱ ምሽት አባት፣ እናትና ልጅ ይሰበሰቡና በየተራ በዚያ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። የተቀመጠ ሰው ዓመቱን ሙሉ በቤተሰቡ ላይ የያዘውን ስሞታ በሙሉ ይናገራል፤ ሌሎቹ፣ እሱ እስኪነሳ ድረስ፣ መልስ መስጠት አይፈቀድላቸውም። አለቀ። ያወጣው ሟቹ ነው። ልጅቷ ገና ሕፃን ሳለች «ካልሲዬን ያለ ፍላጎቴ አለበሱኝ» ብላ ስሞታ አቅርባ ታውቃለች። እሱ ከሞተም በኋላ እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀጥለውት ነበር።

«አንተ ስትመጣ ተውኩት» አለች። «የእሱ ወንበር ላይ ተቀምጠን የእሱን ወግ ስናደርግ ቅር ይልሃል ብዬ። ማንንም አላማከርኩም። እሷም መሄድ የጀመረችው ያኔ ነው።»

ነገሩ እዚህ ላይ ነው የሚገርመው። ወግ የለም ብሎ ኮረብታ ለኮረብታ ሲንከራተት የነበረው ሰው፣ ለካ ወጉ የቀረው እሱ እንዳይከፋው ተብሎ ነው። ስፕሪንግ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደረ መናገር አያስፈልግም፤ ሲነጋ የበሩ ማጠፊያዎች በሙሉ ዘይት ጠግበው ነበር።

አንድ ነገር ግን አተረፈው፤ የሥራ ልማዱ። ደህና ሶፋ አልባሽ አሮጌ ጨርቅ ሲያወልቅ በመቀስ አይቆርጥም። ስፌቱን ይተረትራል፣ ምስማሮቹን በጉጠት አንድ በአንድ ይነቅላል፣ ጨርቁን እንዳለ ያስቀምጣል፤ አዲሱን የሚቆርጠው አሮጌውን ዘርግቶ በእሱ ልክ ነውና። ስለዚህ ከፋዩ ከነልጣጩ፣ ስፖንጁም ከነስርጉዱ ጆንያ ውስጥ ነበር።

«መልሼ ላለብሰው ነው» አለ ለአናጢው።

«ይህንን?» አናጢው ከፋዩን በሁለት ጣቱ አነሳው። «አንተ ሰው ጤና የለህም? ሰው አሮጌ አስወልቆ አዲስ ያለብሳል፤ አሮጌ አስወልቆ ያንኑ አሮጌ!»

«እንጨቱ ላላ ብሏል፣ አጥብቅልኝ። ሌላ ነገር እንዳትነካ ብቻ።»

ቀላል ሥራ አይምሰላችሁ። አሮጌ ጨርቅ በአሮጌው የመርፌ ቀዳዳ ካልተሰፋ ይቀደዳል፤ አዲስ ቀዳዳ አይችልም። እያንዳንዱን ቀዳዳ ፈልጎ መርፌውን በዚያው መስደድ ነው። ለማይቀመጥ ሰው ከዚህ የከፋ ቅጣት የለም። ጥቂት ሰፍቶ ይነሳል፣ ደጅ ወጥቶ መንገዱን ያያል፣ ተመልሶ ይጎነበሳል። ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ ከሰዓት ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ አገኛት። እናቷ ነግራት ነው፤ የቤት ልብሷን እንኳ አልቀየረችም።

ዙሪያውን ዞረችው። በመዳፏ መደገፊያውን ዳበሰች። የቀኝ ክንዱ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«እዚህ ጋ ቀዳዳ ነበር።»

«ሰፋሁት!» አለ ስፕሪንግ፣ ፊቱ በርቶ። «ብትፈልጊው አታገኚውም። እንዲህ ያለ ስፌት ሠርቼ አላውቅም።»

«ለምን ሰፋኸው?»

«ተቀድዶ ነበራ...»

«የአባዬ ሬዲዮ አንቴና ነው የቀደደው። ኳስ ሲያዳምጥ እዚህ ላይ ነበር የሚያስቀምጠው፤ ጎል ሲገባ ዘሎ ሲነሳ ጨርቁን ቀደደው። እኔ ስሞታ ስናገር ጣቴን እዚያ ውስጥ ከትቼ ነበር የምናገረው።»

ስፕሪንግ ስፌቱን አየ። ከዚያ የመተርተሪያዋን ምላጭ ከመደርደሪያው አንስቶ ሰጣት። «በይ አንቺው ተርትሪው። እኔ እጄ እሺ አይለኝም።»

ልጅቷ ተንበርክካ ክሩን አንድ በአንድ በጠሰች። አናጢው መጋዙን አስቀምጦ እያየ፣ «እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ ቀዳዳ ሲደፈን እንጂ ሲከፈት አላየሁም» አለ። «ነገ ደግሞ የወንበሬን እግር ስበርልኝ የሚል ደንበኛ ይመጣልኛል።» ልጅቷ ሳቀች። ጣቷን ቀዳዳው ውስጥ ከተተች፤ ድሮ ሙሉ ለሙሉ ይገባ የነበረው ጣት አሁን ጫፉ ብቻ ገባ።

ወንበሩ መስኮቱ ሥር በተመለሰ ማግስት፣ በአዲሱ ወር መጀመሪያ ላይ፣ ልጅቷ ራሷ መጥታ ተቀመጠችበት።

«እማዬ ላይ ያለኝ ስሞታ» አለች፣ «እኔን ሳትጠይቅ ይህንን ነገር ማስቀረቷ ነው። የኔም ነበር እኮ። ‹ለእሱ ብዬ› አትበይኝ፤ እሱም አልተጠየቀም።»

እናቷ ከንፈሯን ነከሰች፤ መልስ መስጠት አይቻልማ።

«ጋሼ ላይ ያለኝ ደግሞ ብዙ ነው። ሻይዬን ሳልጨርስ ብርጭቆዬን ያጥባል። እያወራሁት ተነስቶ ይሄዳል፤ ሄዶም ‹ቀጥይ፣ እየሰማሁሽ ነው› ይላል ከሌላ ክፍል። ተሰብሮም ደህና የሆነ ነገር እንዳለ አይገባውም። ደግሞ እግሩ! እዩት፣ አሁንም!»

ስፕሪንግ የሚንቀጠቀጥ ጉልበቱን በሁለት እጁ ያዘ። ብርጭቆውን ስለማጠብ ሊያስረዳ ቃሉ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠው።

ቀጥሎ እናቷ ተቀመጠች። የተቀደደውን ክንድ እየነካካች «የእኔ ስሞታ ያ ሬዲዮ ነው» አለች። «ስንት ጊዜ ቀንስልኝ አልኩት። አሁን ደግሞ ቤቱ ጭር ሲል...» አልጨረሰችውም። ተነስታ ፊቷን ልትታጠብ ገባች፤ ስትመለስ «በል ተራህ ነው» አለችው ባሏን።

ስፕሪንግ ተቀመጠ። ተቀምጦ ሳይጨርስ ግን እንደተወጋ ሰው ብድግ አለ።

«እኔ ምንም ስሞታ የለኝም! ደስተኛ ነኝ፣ ተመስገን ነው።»

«አይሆንም፣ ጋሼ» አለች ልጅቷ። «ስሞታ የሌለው እንግዳ ብቻ ነው። የቤት ሰው ሆኖ ስሞታ የሌለው የለም።»

«የለኝም አልኩሽ እኮ!»

«እሺ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥተንሃል። እኔ ቅዳሜ አክስቴ ጋ እሄዳለሁ፣ ቃል ገብቼላታለሁ። ግን አንተ በምትናገርበት ቀን እመጣለሁ። ሳትነሳ ነው የምትናገረው፤ ከተነሳህ እንደገና ከመጀመሪያው።»

ሄደችም። ቦርሳዋ ግን ከወትሮው ትንሽ ነው፤ እናቷ አይታዋለች።

አሁን ወሩ እየተጋመሰ ነው። ስፕሪንግ በየቀኑ በምሳ ሰዓት አንድ የደንበኛ ሶፋ ላይ፣ ጨርቁ ገና ያልለበሰው ስፖንጅ ላይ፣ ራሱን አስቀምጦ ይለማመዳል። አናጢው በበሩ እያጮለቀ «ዛሬስ ሥር አበቀልክ?» ይለዋል። ስሞታ ስለሌለው አይደለም፤ አግኝቶታል። ሁለቱ ይህን ሁሉ ጊዜ ስለ ወንበሩ ሳይነግሩት፣ ዙሪያውን እንደ ሞኝ ሲዞር ማየታቸው ነው። ለራሱ ድምፅ አውጥቶ ይጀምረዋል። «እኔም እዚህ ቤት...» ይላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ቃል ከአፉ ሊወጣ ሲል እግሩ ይቀድመውና ቆሞ ራሱን ያገኘዋል፣ እጁ ላይ ደግሞ የሆነ መዶሻ።

መዶሻውን ያስቀምጣል። ሱሪውን ያራግፋል። ተመልሶ ይቀመጥና የሶፋውን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «እኔም እዚህ ቤት...» ብሎ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።