ሦስቴ ካልተጠየቅኩ

ባሕር ማዶ፣ ሬክስዴል በሚባል ሰፈር ባለ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት የአንድ ፎቅ ነርሶችና ረዳቶች ኃላፊ ነኝ። በየማክሰኞው ጠዋት ከዳይሬክተሯ ጋር ቁጭ እንላለን። የመጀመሪያ ጥያቄዋ ሁሌም አንድ ነው፤ "እንዴት ነሽ?" ትለኛለች። እኔም "ደህና ነኝ" እላለሁ። እሷ ቅጽዋ ላይ ምልክት ታደርግና ወደ ሥራው እንገባለን።

ደህና አልነበርኩም። ሠራተኛ አሞኛል ብሎ ሲቀር ተተኪ የምፈልገው እኔ ነኝ፤ ተተኪ ሲጠፋ ደግሞ ተተኪዋ እኔው ነኝ። ስልኬ ሳይጠራ የሚጠራ ይመስለኝ ጀመር። ባሌ ሲያናግረኝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማውም። ልጄ የሳይንስ ፈተናዋን ደስ ብሏት ስታሳየኝ "እሺ፣ ፋይል ውስጥ አስገቢው" አልኳት። ከዌስተን ቤታችን እስከ ሥራዬ በመኪና ሩቅ አይደለም፤ ፓርኪንጉ ውስጥ ሞተር አጥፍቼ የምቀመጥበት ጊዜ ግን ከመንገዱ እየረዘመ መጣ።

ታዲያ ለምን አትናገሪም ትሉኝ ይሆናል። እኔ እኮ እየጠበቅኩ ነበር! እኛ ዘንድ ሰላምታ በአንድ ጥያቄ አያልቅም። ደህና ነሽ ሲሉሽ እግዚአብሔር ይመስገን ትያለሽ። ደህና ነሽ ወይ ሲሉሽ ደህና ትያለሽ። ኧረ ደህና ነሽ ሲሉሽ ነው "ምን እባክሽ፣ ይሄ ወገቤ" ተብሎ እውነቱ የሚወጣው። ገና በመጀመሪያው ጥያቄ ሕመሙን የሚዘረግፍ ሰው ነገር አያውቅም ይባላል። ዳይሬክተሯ ደግሞ አንዴ ብቻ ነው የምትጠይቀው። ሁለተኛውን ጥያቄ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቅኩት። ሳይመጣ ሲቀር በሆዴ ተቀየምኳት፤ ይህች ሴትዮ ልቧ ድንጋይ ነው እል ነበር።

ይባስ ብላ አንድ ማክሰኞ፣ የሁለተኛው ፎቅ ኃላፊ ሥራ ስለለቀቀች እሱንም ደርቤ እንድይዝ ጠየቀችኝ። "አንቺ አያቅትሽም" ብላ የሚፈረም ወረቀት ሰጠችኝና እስከሚቀጥለው ሳምንት አስቢበት አለችኝ። ብፈርም እንደምወድቅ አውቄዋለሁ። እምቢ ለማለት ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ። በአገር ሰው ዘንድ "ማናጀሯ" እየተባለች የምትጠራ ሴት ደከመኝ ትበል?

ሐሙስ ከሰዓት ንጹሕ አንሶላና ፎጣ የሚቀመጥበት ክፍል ገባሁ። ከማድረቂያ የወጡ ፎጣዎች ላይ ግንባሬን ደግፌ ትንሽ መቆም ልማድ ሆኖብኝ ነበር። ያን ቀን ግን ሰው ቀድሞኛል። ከረዳቶቻችን ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሴት፣ የአገሬ ሰው፣ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሁለታችንም እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ሌባ ተያየን።

"ብሬክ ላይ ነኝ" አሉ ቶሎ ብለው።

"እኔም እትዬ" አልኩ፣ ኃላፊያቸው መሆኔን ረስቼ።

ፊቴን ሲያዩ ቆዩና "ደህና ነሽ?" አሉኝ።

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ደህና ነሽ ወይ?"

"ደህና ነኝ እትዬ።"

"ኧረ ደህና ነሽ አንቺ?"

"አይደለሁም" አልኩና ፎጣው ውስጥ ተደፍቼ አለቀስኩ።

ሲወጣልኝ እኔም በተራዬ ጠየቅኳቸው። ሦስተኛው ላይ ቀኝ እጃቸውን ሊያነሱ ሞከሩ፤ ከደረታቸው በላይ አልሄደም። ሰው ከአልጋ ሲያነሱ ነው ያመማቸው።

"ከፋሲካ ወዲህ እንዲሁ ነው" አሉ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ላይት ዱቲ አሰጥዎት ነበር እኮ!"

"ጠዋት ጠዋት 'እንዴት አደሩ እትዬ' ብለሽ ትሮጫለሽ። መች ቆምሽልኝ?"

በቁሜ አፈርኩ። ዳይሬክተሯን የተቀየምኩበትን ነገር ለካ እኔም በየቀኑ ስሠራው ኖሬያለሁ። ያኔውኑ ሐኪም እንዲያያቸው አደረግኩ፤ ከማግስቱ ጀምሮ ቀለል ያለ ሥራ ላይ ተመደቡ። በዳይሬክተሯ ላይ የነበረኝ ቂምም እዚያው ፎጣ ክፍል ቀረ። ክፉ ሰው አይደለችም፤ እንደ እኔው የምትሮጥ ሰው ናት።

ማክሰኞ ወረቀቱን ሳልፈርም ይዤ ገባሁ። ዳይሬክተሯ ብዕሯን አዘጋጅታ "እንዴት ነሽ?" አለች።

"ደህና አይደለሁም" አልኩ። በመጀመሪያው ጥያቄ! እናቴ ብትሰማ በአስተዳደጌ ታፍር ነበር።

ብዕሯ ቆመ። ተነስታ በሩን ዘጋችና ተመልሳ ተቀመጠች።

"ከሁሉም ስለ አንቺ ብቻ ነበር የማልጨነቀው" አለችኝ። "ሁልጊዜ ደህና ነኝ ስለምትይ።"

የሦስቱን ጥያቄ ነገር ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፤ ሁለት ዓመት መጠበቄን ስነግራት ግን ሳቋን አቆመች።

ሁለተኛው ፎቅ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ ስድስት ሳምንት እረፍት ወጣሁ። አሁን ቅዳሜና እሁድ የሥራ ስልኩን ከሌላ ኃላፊ ጋር እንፈራረቃለን። ስልኩ ተረኛው ኃላፊ ዘንድ በቀረበት የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ያንን የሳይንስ ፈተና ከፋይል አስወጥቼ ከልጄ ጋር ጥያቄ በጥያቄ አየሁት። ትከሻዬ ላይ የነበረ ጆንያ የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ። ያገር ሰው ምን ይለኛል ብዬ የፈራሁትም ባዶ ስጋት ነበር። ማንም ምንም አላለም፤ ሁሉም የራሱ ሺፍት አለበት።

ባለፈው ማክሰኞ ዳይሬክተሯ በጣቷ እየቆጠረች ሦስቴ ጠየቀችኝ። ሦስቴም ደህና ነኝ አልኩ፤ ሦስቴም እውነቴን ነበር። ምልክቷን አድርጋ ወደ ሥራው ልትገባ ስትል "አንቺስ እንዴት ነሽ?" አልኳት።

"ደህና ነኝ።"

"ደህና ነሽ ወይ?"

"አዎ፣ ደህና ነኝ" አለች ወረቀቶቿን እያስተካከለች።

ሦስተኛውን ስጠይቃት ተነስታ በሩን ዘጋች።