መስታወት የሌለው መነጽር

ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ወድጄ ቆሜአለሁ። ድምፄ ትንሽ ነው፤ ከኋላ ያላችሁ ታገሡኝ። ሽማግሌዎቹ ደጋግመው ሲጠይቁኝ «ሌላ ቀን» እያልኩ ስሸሽ ከርሜ ነበር። ዛሬ ግን ዝም ካልኩ የጌታን ሥራ የደበቅኩ ይመስለኛል። ስሙ ይባረክ።

የተወለድኩት ቸሃ ነው። አባቴ ወልቂጤ ዘመድ ቤት አስቀምጦኝ እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ከዚያ አላለፍኩም። ያደግኩት እንደ ብዙዎቻችሁ ነው። ትልቅ ሰው ሲያናግረኝ መሬት መሬት አያለሁ። በላሽ ወይ ስባል ባልበላም በላሁ እላለሁ። ደከመሽ ወይ ስባል ኧረ በፍጹም እላለሁ። ሰው እንዳይቀየም፣ ሰው እንዳይቸገር፤ ሃይማኖቴ ይኼ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ቡታጅራ የመጣሁት እትዬ ብርቄን ላግዝ ነው። ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ፤ የእናቴ የአክስት ልጅ ናቸው፣ በሚሲዮኑ ክሊኒክ አንሶላ ያጥባሉ፣ ይኸው ከፊት ተቀምጠዋል። በመጣሁ በሳምንቱ ወደዚህ ጸሎት ቤት ይዘውኝ መጡ። ሰባኪው ጌታን መቀበል የሚፈልግ እጁን ያንሳ ሲሉ እትዬ ብርቄ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ እሳቸው ቤት እየበላሁ፣ እሳቸው ቤት እየተኛሁ እንዴት እንቢ እላለሁ? እጄን አነሳሁ። እልል አላችሁ፣ አቀፋችሁኝ። ከዚያ በኋላ እንደምትዘምሩት እዘምር፣ እንደምትጸልዩት እጸልይ ነበር። ልቤ ግን ባዶ ነበር።

በዚያው ዓመት ክሊኒኩ የዓይን ክፍል ከፈተ። ኃላፊው ጋሽ መኮንን ከሰሜን የመጡ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ናቸው፤ የዓይን ልኬትና የመነጽር ሥራ አዲስ አበባ ተምረዋል። የገጠር ሴቶች ወንድ ፊታቸውን ሲነካቸው እያፈሩ ስላስቸገሯቸው አንዲት ልጅ ላሠልጥን አሉ። እትዬ ብርቄም ፊደል የምታውቅ፣ እጇ ንጹሕ የሆነ ልጅ አለችኝ ብለው አስገቡኝ። ክረምቱን እንደሚያስተምሩኝ፣ ፈትነው ከወደዱኝም ሙያውን በደንብ እንድማር አዲስ አበባ እንደሚልኩኝ ጋሽ መኮንን ነገሩኝ። ካልሆነ ወደ ቸሃ እመለሳለሁ፤ እዚያ ደግሞ አባቴ የሚያጨኝ ሰው አግኝቶ ይጠብቀኛል።

ትምህርቱን ወደድኩት። ልጅ ለምን ከሩቅ እንደማያይ፣ ትልቅ ሰው ለምን ከቅርብ እንደሚቸገር ተማርኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ ፊደል ለማያውቅም ይሆናል፤ ባለ ሦስት ጣት ምልክት አለበት፣ ጣቶቹ ወዴት እንደዞሩ ሰውየው በእጁ ያሳያል። ከእንጨት ሳጥኑ መስታወቶቹን እያወጣሁ በመሞከሪያው ፍሬም ላይ ስሰካ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

የለካሁት መነጽር ግን አልሠራም። አንዷ ሴት መነጽሩን ወስዳም መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት ጎረቤት ትጠራለች። ሌላዋ በጨርቅ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ጋሽ መኮንን ሰዎቹን አስጠርተው እንደገና ሲለኩ የእኔ ልኬት ብዙው ስህተት ሆኖ ተገኘ። አልተቆጡም። መቆጣታቸው ይሻለኝ ነበር።

«ዘነበች፣ እጅሽ ጥሩ ነው፤ ትምህርቱም ገብቶሻል» አሉኝ። «ስህተቱ ከየት እንደሚመጣ ግን አላወቅኩም። ሳላውቅ ደግሞ የሰው ዓይን ላስይዝሽ አልችልም።»

የሚቀጥለው የገበያ ቀን አጠገቤ ቆመው እንደሚፈትኑኝ፣ ያም የመጨረሻው እንደሆነ ነገሩኝ። እሺ ብዬ መሬት መሬት እያየሁ ወጣሁ።

ከሥራ ስወጣ ወደዚህ ቤት መጣሁ። ሰው አልነበረም። ተንበርክኬ እንደ ልማዴ ጀመርኩ፤ ጌታ ሆይ ተመስገን፣ ደህና ነኝ፣ ምንም አልጎደለብኝም እላለሁ። እንባዬ ግን ይወርዳል። አፌ ደህና ነኝ ይላል፣ ጉንጬ እርጥብ ነው። ያን ጊዜ ደነገጥኩ። እግዚአብሔርም ፊት የኖርኩት በሰው ቤት እንዳለ እንግዳ ነበር ማለት ነው።

«ጌታ ሆይ፣ አላውቅህም» አልኩት። «እጄን ያነሳሁት ለእትዬ ብርቄ ብዬ ነው። ሌሎቹ አገኘነው ይላሉ፣ እኔ አላገኘሁህም። ፈርቻለሁ። ካለህ እርዳኝ።»

ወገኖቼ፣ ራእይ አላየሁም፣ ድምፅም አልሰማሁም። ነገር ግን እውነቱን ስነግረው የተቀየመኝ አልመሰለኝም። እንዲያውም ሲጠብቀኝ የቆየ መሰለኝ። ደረቴ ላይ የከበደኝ ነገር ተነሣልኝ። ጌታን ያመንኩት ያን ቀን ነው፤ እልል ያለልኝም ሰው አልነበረም። ሃሌ ሉያ!

ከጉልበቴ ስነሣ አንድ ነገር በራልኝ። የሩቁን ሰሌዳ ሰዎቹ በእጃቸው ስለሚያሳዩኝ ማስመሰል አይችሉም። ለቅርብ ማያ መስታወት ስመርጥ ግን «ይኼ ይሻላል?» እላቸዋለሁ፣ እነሱም «ይሻላል ልጄ» ይሉኛል። ልጅቷ እንዳትቀየም ነው! እኔ ለጌታ ስለው የኖርኩትን ነበር የሚሉኝ። ይኼን ያሳየኝ እሱ ነው፤ ስሙ ይባረክ።

በገበያው ቀን ከመስቃን ገጠር ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ በርበሬ የሚያመርቱ ሽማግሌ መጡ። ቁርአናቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል፤ ፊደሉ እየጠፋባቸው ማንበብ ካቆሙ ቆይተዋል። ጋሽ መኮንን እጃቸውን አጣጥፈው ከጎኔ ቆሙ። የሩቁን ጨርሼ ወደ ቅርቡ መጣሁ። ሐጂ ቁርአናቸውን በእጃቸው ዘርግተው ያዙ። አንድ መስታወት ስሰካ «ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» አሉ። ሌላ ስቀይር «ይኼም ጥሩ ነው» አሉ። ሦስተኛውንም አመሰገኑ። መስታወቶቹን በሙሉ አወጣሁና ባዶውን ፍሬም አደረግኩላቸው።

«አሁንስ አባባ?»

«አሁንማ ከሁሉም በለጠ! አላህ ይስጥሽ።»

ቀና ብዬ ዓይናቸውን አየሁ። በሽማግሌ ዓይን ውስጥ እንዲያ ትክ ብዬ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

«አባባ፣ መስታወት የለውም» አልኳቸው።

ሐጂ ጣታቸውን በፍሬሙ ውስጥ ሲሰዱ ቅንድባቸውን ነኩ። እስኪያስላቸውም ሳቁ። «ታዲያ ምን ልበል? እንዲህ ስትለፊ እያየሁ አይታየኝም ብልሽ ደግ ነው? አሳዘንሽኝ እኮ!»

«አይታየኝም ቢሉኝ አልቀየምም። ይታየኛል ቢሉኝ ግን ቤትዎ ሲገቡ ቁርአኑ አይነበብልዎትም።»

«እንግዲያው ልንገርሽ፤ እስካሁን በአንዱም አልታየኝም።»

ከዚያ በኋላ ይሻላል ወይ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። ፊደሎቹን በጣትዎ እየተከተሉ ያንብቡልኝ አልኳቸው። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ ምሕረት አላደረጉልኝም፤ «ይኼ አይረባም፣ አንሺው፣ ያኛውም አይረባም» ይሉኝ ጀመር። ጋሽ መኮንን አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ይስቃሉ። በመጨረሻ አንዱን ስሰካ ሐጂ ወደ ቁርአናቸው ጎንበስ አሉ። ጣታቸው በመስመሩ ላይ ሄደ፣ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ቀጠሉ። ገጹን ገለጡ። እኛ መኖራችንን የረሱ መሰለኝ። ሰልፍ የያዘው ሰው በር ላይ ቢያጉረመርምም ጋሽ መኮንን ተዉአቸው ይጨርሱ ብለው ከለከሉልኝ።

ሐጂ ከሄዱ በኋላ ጋሽ መኮንን በገዛ እጃቸው መስታወቶቹን ወደ ሳጥኑ መለሱልኝ። «ከመስቀል በኋላ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ» አሉኝ። «አባትሽን እኔ አናግራለሁ።»

ጌታ ይመስገን! አባቴም እሺ ብሏል።

ለእትዬ ብርቄም እውነቱን ነገርኳቸው። የእርስዎ ይሉኝታ ይዞኝ ነው እጄን ያነሳሁት ስላቸው የሚያዝኑ መስሎኝ ነበር። «ያኔ እኔን እያየሽ እንዳነሳሽ መች ጠፋኝ?» አሉኝ። «ስጸልይልሽ የከረምኩት ለምን ይመስልሻል?» ተቃቅፈን አለቀስን።

አሁን ደስ ብሎኛል። ትምህርቴን ስጨርስ የዓይን ክፍል ወልቂጤም ሊከፈት እንደታሰበ ሰምቻለሁ፤ ጌታ ቢፈቅድ እዚያ አገለግላለሁ። እፈራለሁ፤ አዲስ አበባን አላውቃትም። ይኼንንም ግን ለጌታ ነግሬዋለሁ።

ወገኖቼ፣ ከመካከላችሁ ለባል፣ ለእናት፣ ለዘመድ ብሎ እጁን ያነሳ ሰው ካለ አይፈር። ለጌታ ገና አላየሁህም ብትሉት ፊቱን አያዞርባችሁም። እመኑት፤ እኔን አላሳፈረኝም። ከአምልኮው በኋላ እዚያ በመስኮቱ በኩል ካለው አግዳሚ ላይ እቆያለሁ። መናገር የከበደው ሰው መጥቶ አጠገቤ ይቀመጥ። ምንም አልጠይቀውም፤ ዝም ብለን አብረን እንቀመጣለን።