ኡስታዛ ዘሃራ እና ሦስቱ ቁጥሮች

ባለፈው ክረምት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ ገበያ ውስጥ ዝናብ ያዘኝና አንድ ዱካን በረንዳ ላይ ተጠለልሁ። በሩ ላይ የተቆለሉት የእንቁላል ካርቶኖች ርሰው ነበር። ያ የረጠበ ወረቀትና የዶሮ ኩስ ሽታ አፍንጫዬን ሲነካው፣ አስተማሪዬ ኡስታዛ ዘሃራ ፊቴ ድቅን አለችብኝ።

ዘሃራ በልጅነቴ፣ ያደግሁባት ሾዋክ ከተማ ጎረቤታችን የነበረው የእንቁላል ነጋዴ የሐጅ ኑሩ ልጅ ናት። ካርቱም ኮምፒውተር ተምራ ስትመለስ ከአባቷ ዱካን ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ጠረገችና የሰፈሩን ሴት ልጆች ሰበሰበች። ያላት አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ብቻ ነበር፤ የተነቀሉትን ቁልፎች ቦታ በፕላስተር ሸፍና ፊደሉን በእስክሪብቶ ጽፋበታለች። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ግሎ ክፍሏ እንደ ምድጃ ትፋጃለች። እሷ ግን እንደ ሱዳን ሴቶች የተከናነበችውን የቶቧን ጫፍ ወደ ትከሻዋ መለስ እያደረገች፣ በአረብኛ የጀመረችውን በአማርኛ እየጨረሰች፣ ድምጿን ሳታነሳ ታስተምረናለች።

አባቴ ከጎንደር ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። የሴት ልጅ ትምህርት የትም ያደርሳል ብሎ አያምንም ነበር። ገዳሪፍ የሚገኝ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ የመግቢያ ፈተና ሲያወጣ፣ ካላለፍሁ መተማ ሄጄ የአክስቴን ሻይ ቤት እንዳግዝ ቆረጠ። እኔ ደግሞ በዚያው ሰሞን ባለ ሦስት ኢንዴክስ አሬይ፣ ማለት እያንዳንዱ መረጃ በሦስት የቦታ ቁጥር የሚጠራበት ድርድር፣ አልገባ ብሎኝ ነበር። ረድፍና ዓምድ ብቻ ሲሆን እንደምንም እወጣዋለሁ፤ ሦስተኛ ቁጥር ሲጨመር ግን ኮምፒውተሩ ያልጠየቅሁትን ያወጣልኛል። አንድ ቀን አልቅሼ፣ መተማ መሄዱ ይሻለኛል አልኋት።

ዘሃራ ወደ ዱካኑ ወጣችና ሦስት ካርቶን እንቁላል አምጥታ ደራረበቻቸው። መካከለኛው ካርቶን ውስጥ ካሉት አንዱን እንቁላል አስቀድማ በከሰል ነክታ አሳይታኛለች።

«ጣትሽን ሳትቀስሪ፣ የት እንዳለ በቁጥር ንገሪኝ» አለችኝ።

ከታች ሁለተኛው ካርቶን፣ ሦስተኛው ረድፍ፣ አራተኛው ጉድጓድ አልሁ። ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብዬ ስጽፍ እሷ ከዜሮ ቆጠረችና ከላይኛው ካርቶን ሌላ እንቁላል አነሳች።

«ቁጥሩ ከመነሻው ምን ያህል እንደራቀ ነው የሚናገረው። የመጀመሪያው የትም አልሄደም፤ ስለዚህ ዜሮ ነው።»

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ አረምሁት። ቀጥላ ቅደም ተከተሉን እንድገለብጠው አዘዘችኝ። ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ ስል፣ እጇ ከቁልሉ በላይ የሌለውን አራተኛ ካርቶን ሲፈልግ አየር ጨበጠ። ሳቄ አመለጠኝ። በዚያች ቅጽበት ገባኝ፤ መጀመሪያ ካርቶኑ፣ ቀጥሎ ረድፉ፣ በመጨረሻ ጉድጓዱ። እንባዬ ሳይደርቅ ላፕቶፑን ወደ ራሴ ሳብሁት።

የፈተናው ጥያቄ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ውስጥ የአንዱን ክፍል ተከራይ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም መሥራት ነበር። እንደ ካርቶኖቹ ፎቁን፣ መተላለፊያውን፣ በሩን በቁጥር ጠራሁ። ፕሮግራሙ ገና በመጀመሪያው ሙከራ ትክክለኛውን ስም አወጣ።

ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አባቴ አብሮኝ መጣ። ማንበብ ስለማይችል የትኛው ስሜ እንደሆነ ጠየቀኝ። ከሁሉም በላይ ያለው ነው አልሁት። ሰሊጥ የሰነጣጠቀው ጣቱ ስሜ ላይ ብዙ ቆየ። ሾዋክ ስንደርስ ቤት አልገባም፤ በቀጥታ ወደ ሐጅ ኑሩ ዱካን ሄዶ ዘሃራ ፊት ጥምጣሙን አወለቀና ጎንበስ አለ።

«ልጄን ሰው አደረግሽልኝ፤ እኔ አላውቅም ነበር» አላት።

ዘሃራ አግብታ ወደ ከሰላ ከተማ ከሄደች ቆየች። ክፍሏ ግን አልተዘጋችም። እኔ አሁን ገዳሪፍ እየሠራሁ፣ አርብ አርብ ሾዋክ ሄጄ አስተምርባታለሁ። ትንሿ እህቴ ከፊት ትቀመጣለች። እጇን ይዞ የሚያመጣት አባቴ ነው።