ጃፓናዊው ያላለው

ያ ሰውዬ የሕይወት ታሪኩን ጽፎ አመጣልኝ። በወጣትነታችን አዲስ አበባ በአንድ የጥናት ክበብ ውስጥ ነበርን። ዛሬ ሜልበርን ውስጥ እሱ ሜልተን በሚባለው የከተማው ዳርቻ ትልቅ ቤት ያለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር ሊቀ መንበር ነው፤ እኔ ፊትዝሮይ ሰፈር ካሉት የመንግሥት የኪራይ ፎቆች በአንዱ የምኖር ጡረተኛ አስተርጓሚ ነኝ።

«ለመጽሐፉ ምረቃ ሆሉን ቡክ አድርጌያለሁ» አለኝ። «የልጅ ልጆቼ አማርኛ አያነቡም። ኢንግሊሹን ቶሎ ፊኒሽ አድርጊልኝ።»

እባክሽ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም።

እስከ አርባኛው ገጽ እየሳቅሁ ተረጎምኩ። እሱ እንደሚለው ያለ እሱ የተካሄደ ሰልፍ የለም። እኔ የማስታውሰው ፖሊስ በታየ ቁጥር ሽንት ቤት የሚደበቅ ልጅ ነው።

አርባ አንደኛው ገጽ ላይ ሳቄ ቆመ። ቀበሌ የጠላውን ሁሉ «አናርኪስት» እያለ በሚያስርበት ዘመን፣ የአንድ ጃፓናዊ አናርኪስት ታሪክ በድብቅ እናባዛ ነበር። ጋዜጠኛና ተርጓሚ ነበር፤ ጦርነትን ተቃውሞ ጻፈ፣ ታሰረ፣ በኋላም ሰቀሉት። ያን ታሪክ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ ነኝ። እንዳንያዝ ስም አንጽፍበትም ነበር። ይኼ ዓይን አውጣ ታዲያ «እኔ ተረጎምኩት» ይላል።

ይባስ ብሎ፣ እስረኛው ለጓደኞቹ የተናገረውን የመጨረሻ ቃል «እያለቀስኩ ተረጎምኩት» ብሎ ጠቅሶታል፦ «ስም ሲጠይቋችሁ የራሳችሁን ብቻ ስጡ።»

ውሸታም! ጃፓናዊው እንዲህ አላለም። እጃችን ላይ የነበረው መጽሐፍ የመጨረሻ ገጾቹ የተቀደዱ ስለነበሩ ያን ቃል እኔ ነኝ የፈጠርኩት። መጨረሻ የሌለው ታሪክ ሰው አይወድም ብዬ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ ጻፍኩት። ለማንም አልተናገርኩም።

ወረቀቱን ለማባዣ የምትተይብልን ጓደኛችን ግን በቃሏ ይዛው ነበር። ስትያዝ የራሷን ስም ብቻ ሰጠች። ከእስር ቤት አልተመለሰችም። እሱም እኔም በዚያ ምክንያት በሕይወት አለን።

ስልክ ደወልኩለት። «የመጨረሻውን ቃል በእርግጥ አንተ ነህ የጻፍከው?»

«ታዲያ ማን ሊጽፈው ነው?» አለኝ፣ አፉን ሞልቶ።

እሱን የማሳፍርበት ቃል ምላሴ ላይ ነበር። የእኔ ነው ለማለት ግን የፈጠርኩት መሆኑን መናገር ነበረብኝ፤ ያቺ ጓደኛችንም በማን ቃል እንደሞተች መናገር ሊከተል ነው። ያ ወረቀት ስም ስላልነበረበት ስንት ዓመት ሙሉ ደስ ሲለኝ እንደኖርኩ ያን ጊዜ ገባኝ።

ገጹን እንዳለ ተረጎምኩት፤ የተርጓሚነቱንም ስም ለእሱ ተውኩለት። በደግነት እንዳይመስላችሁ።